ገሳይ የቀረ ድምፅ

ከባለቤቴ ከደሳለኝ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ብርድ ልብስ ማጠፍ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከገመዱ አወረድነውና እሱ ሁለቱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሁለቱን። ብርድ ልብስ ለሁለት ሲታጠፍ አንዱ ወደ ሌላው ይራመዳል፣ ጫፉን ያቀብላል፤ ተቀባዩ ሳይጨብጥ ሰጪው አይለቅም። ደሳለኝ ግን ችኩል ነበር። እጄ ሳይደርስ ለቀቀውና ግማሹ ጭቃ ላይ ተነጠፈ።

«ያዝሽው መስሎኝ» አለ።

«ሁልጊዜ ይመስልሃል። አጣቢዋ እኔ!»

«ተይው፣ ዓርብ ስመለስ ራሴ አጥበዋለሁ።»

ሰኞ በጠዋት ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ሥራው ሄደ። ሐሙስ ሬሳው መጣ። ልቡ ነው አሉ። ብርድ ልብሱ ከነጭቃው ጓዳ ጥግ ላይ ቀረ። አላጠብኩትም፤ እሱ አጥበዋለሁ ብሎ ነበርና።

ይህን የምጽፈው ከጉዞ ከተመለስኩ በኋላ፣ ቀስ እያልኩ ነው። የምጽፈውም እንደ እኔ ይፋግ ተወልደው ይፋግ ላረጁ ሰዎች ነው። ደጋውን ከሩቅ እናየዋለን፤ ደመናው ከዚያ ወርዶ ይዘንብብናል፣ ድንቹ ከዚያ መጥቶ እንበላዋለን፤ ወጥቶ ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ፊደል ሳስቆጥር፣ ባሌ በየሳምንቱ የሚመላለስበትን መንገድ አንድ ቀን እንኳ አብሬው አልወጣሁትም። የወጣሁት ከአርባው በኋላ ነው፤ ያለ እሱ።

ምን ወሰደሽ ብትሉኝ፣ በመጀመሪያ የእሱን ሥራ ላስረዳ። ደሳለኝ ደብረ ታቦር ላይ የሬዲዮና የኮምፒውተር ትምህርት ያስተምር ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ ባለው መንገድ ስልክ አንዱ ዳገት ላይ ይሠራል፣ አንዱ ቁልቁለት ላይ ይጠፋል፤ ጨርሶ የማይኖርበትም ሰሞን አለ። ጉም ሲወርድ ወይም አፈር ሲናድ ቀድሞ የደረሰው ሾፌር ከኋላው ለሚመጣው የሚነግርበት መላ የለውም። ስለዚህ በጥቂት መኪኖች ውስጥ የግማሽ ጫማ ካርቶን የምታህል ሣጥን አስገጠመ። ሣጥኗ ድምፅም ጽሑፍም ትይዛለች። ሌላ ሣጥን ያለው መኪና በአጠገቧ ሲያልፍ በሬዲዮ ታቀብለዋለች፤ ያቺም ለሌላዋ፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ስልክ የሚሠራበት ከተማ ያደርሱታል። አስቸጋሪው ነገር ለማን ይሰጥ የሚለው ነው። መኪና እንደ ምሰሶ ቆሞ አይጠብቅም፤ አሁን ከጎንህ ያለው ዞር ስትል ከጋራው ጀርባ ነው።

አንድ ቀን እራት ላይ እንዲህ ጠየቀኝ፦ «አንቺ ባሕር ዳር ላለችው እህትሽ ደብዳቤ ብትልኪ ለማን ትሰጫለሽ?»

«ለሚሄድ ሰው።»

«የሚሄደውማ ብዙ ነው። ለየትኛው?»

«ለሚያደርሰው ነዋ!»

«እሱን እኮ ነው እኔም የምፈልገው» ብሎ ሳቀ።

ለሣጥኖቹ ያስተማራቸው ደንብ ወደ ከተማ ከሚሄዱት መኪኖች ፈጣኑን መርጠው እንዲሰጡ ነበር። የሰጡትን ወዲያው ይሰርዙታል፤ ሆዳቸው ጠባብ ነውና ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃሉ። ነገሩ ብልህነት ይመስላል። ሆኖም መልእክቶች መንገድ ላይ ይጠፉ ነበር። አንዴ ጉሙን ይወቅሳል፣ አንዴ የጉናን ተራራ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «የት ገባ?» የሚል ቃል በየገጹ ጥግ ተጽፏል። መልሱን ሳያገኝ ሞተ።

የሞተ ዕለት የነበረው አያ ሞላ በሚባሉ የገሳይ ሰው የጭነት መኪና ውስጥ ነው። ከነፋስ መውጫ አብረው ሲመለሱ ገሳይ ላይ ለእኔ አንድ ነገር በሣጥኗ ተናገረ። ወዲያው ሕመሙ ጠናበት። አያ ሞላ ወንበሩ ላይ ሊያስተኙት ሣጥኗን ከራስጌው ሲያነሷት ገመዷ ተነቀለ። ሆስፒታል አደረሱት፤ አልተረፈም። ሣጥኗን በነጠላ ጠቅልለው ቤታቸው አስቀመጧት። ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ጊዜ ሰው ሄዶ ቢጠይቃቸው፣ አብልተው አጠጥተው ባዶ እጁን መለሱት። «ሟች ለሚስቱ የተናገረበት ዕቃ ነው። በእጇ ካልሆነ አልሰጥም» አሉ።

እንግዲህ የሄድኩት ለእሱ ነው። መጨረሻ የተናገረውን ልሰማ።

ማክሰኞ

አንድ ከረጢት ሽንኩርት ይዤ በጠዋት ተሳፈርኩ፤ የሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ወረታ ላይ መኪና ቀየርኩ። እስከዚያ ያለው አገር ያው የእኛው ነው፣ ሜዳና ሙቀት። የፎገራ ሩዝ ቢጫ እየሆነ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት፣ «እኛ ሩዙን ከጤፍ ደባልቀን ነው እንጀራ የምንጋግረው፤ ደጋ ስትወጪ ገብስ ይሰጡሻል፣ ጥርስሽን አደራ» አለችኝ።

ሜዳው አልቆ ዳገቱ ሊጀምር ሲል ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ስኮርታ ጎማውን አወረደ። መኪናውን የሚያነሳበት ክሪክ ግን የለውም።

«ክሪክ ሳይዝ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሾፌር አየሁ!» አሉ ከኋላ የተቀመጡ ቄስ።

«ትናንት ለተቸገረ ሰጥቼው ነው፣ አባ።»

«እሰይ! ጽድቁ ለአንተ፣ ፀሐዩ ለእኛ።»

ሁላችንም ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። ከላይ አንድ የጭነት መኪና ወረደና ማንም ሳያስቆመው ቆመ። ሾፌሩ ነገሩን አይቶ ክሪኩን አውርዶ ሰጠ። አልጠበቀም።

«እኔ ወደ ወረታ ነኝ። ስትጨርስ አለም በር ለሻይ ቤቷ ለእናኑ ስጣት።»

«እሰጣለሁ።»

«እሰጣለሁ አይደለም! እናኑ ደርሶኛል ብላ ሰው እስክትልክልኝ ድረስ ክሪኩ በአንተ ራስ ነው።»

አለም በር ስንደርስ እናኑ የምትባለው ሴት «የሙሉዬ ነው» ብላ ክሪኩን ተቀብላ በር ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ መንገዱ ወጥታ ቁልቁል የሚሄድ መኪና አስቁማ፣ «ለሙሉዬ ክሪክህ እኔ ጋ ነው በለው!» ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ነገሬ አላልኩትም። እንቅልፍ እየወሰደኝ ነበር። መኪናው ሲጠማዘዝ ደሳለኝ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ማጅራቱን አያለሁ፤ ስነቃ ሌላ ሰው ነው። እንደገና አንቀላፋለሁ፤ እንደገና እሱ ነው። ዳገቱን እንዲህ ወጣነው።

ደብረ ታቦር ስወርድ ብርዱ በጫማዬ ገባ። ይፋግ ላይ ጥላ የምንፈልግበት ሰዓት ነው፤ እዚህ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተጠግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ፋንታነሽ ጋቢ ይዛ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀችኝ። ከደሳለኝ ጋር ትሠራ የነበረች መምህርት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ለቀብሩ መጥታ ነበር፤ ያን ጊዜ ፊቷን ለይቼ አላየሁትም።

«እትዬ አስናቀች፣ ካልሲ የለሽም?»

«የይፋግ ሰው ካልሲ ምን ያደርግለታል?»

ቤቷ ወስዳ የራሷን ካልሲ አጠለቀችልኝ። ሽሮ በላን። አልጋዋን ለቃልኝ ሦስት ብርድ ልብስ ደራረበችብኝ፤ እኛ ዘንድ አንሶላም ይበዛል። ደሳለኝ የተከራየው ክፍል ሁለት ቤት አልፎ ነው አለችኝ። ልየው አላልኩም።

ከመተኛታችን በፊት አስጠነቀቀችኝ። «ሣጥኗ ኃይል ስታገኝ፣ ሌላ ሣጥን ያለው መኪና በአቅራቢያዋ ካለፈ የያዘችውን ሰጥታ ትሰርዘዋለች። የአያ ሞላ ቤት ደግሞ አስፋልት ዳር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ አንቴናዋን እፈታለሁ። ያለ አንቴና ማንንም አትሰማም፣ ማንም አይሰማትም። ከዚያ በላፕቶፕ አብረን እናዳምጠዋለን፣ እገለብጠዋለሁም።»

«አንቴናዋ ከተፈታ ምንም አትሆንም?»

«ምንም።»

ረቡዕ

ወደ ገሳይ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ሄድን። ከከተማው ወጣ እንዳልን ጉም ዋጠን። እኛ ጉም የምንለው ከጣና ላይ ጠዋት ጠዋት የሚነሳውን ስስ ነገር ነው። ይህ ሌላ ነው። ባሕር ዛፉ፣ የገብሱ ማሳ፣ የሚሄደው ሰው፣ ሁሉም ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። አንዲት ሴት አህያ ስትነዳ አየሁ፤ አህያዋ ጠፋች፣ ሴትዮዋ ቀረች፤ ከዚያ እሷም ጠፋች። የሞተና ያለ እዚህ ቦታ ላይ ብዙ የሚራራቅ አልመሰለኝም።

ሾፌሩ ከፊት መብራት ባየ ቁጥር ይቆማል። የሚመጣውም ይቆማል። መስኮት ለመስኮት ገጥመው ያወራሉ።

«እንዴት ነው፣ ጉሙ እስከ የት ድረስ ነው?»

«እስከ ፈጣሪ!»

«ልጅህ ተሻላት?»

«ተመስገን፣ ቆማ ሄደች። ቀስ በል፣ ከድልድዩ ወዲያ ከብት ተኝቷል።»

ተሳፋሪ አያጉረመርምም። ይፋግ ላይ ቢሆን «ንዳው!» የሚል አይጠፋም፤ የእኛ መንገድ ትልቁ የጎንደር መንገድ ነው፣ ሁሉም ይበርራል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

አያ ሞላ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ረጅም ናቸው፣ አንገታቸው ከመሪ ብዛት ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። ጎንበስ ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ። ባልሽ ደግ ሰው ነበር። ዘፈኔን የሚችል መንገደኛ እሱን ብቻ አየሁ» አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ሽንኩርቱን ተቀብለው አሸተቱት፤ «ይኼማ የቆላ ፀሐይ ነው» አሉ።

ሣጥኗ ከሥዕለ ማርያም ሥር መደርደሪያ ላይ፣ በታጠበ ነጠላ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ፋንታነሽ ፈታችና አንቴናዋን አውልቃ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ገመዱን ልታገናኝ ስትል እትዬ ጥሩወርቅ በመሀል ገቡ።

«ኧረ በሞቴ! ዓለሜ፣ ከመንገድ መጥታችሁ እህል ሳትቀምሱ?»

ማድ ቤት ወሰዱን፤ ጾም ነውና እሳት ዳር የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ የገብስ ቂጣና ተልባ ቀረበ። የገሳይ ድንች እንደ ዱቄት ይፈረካከሳል፤ እኛ ጋ ሲደርስ መንገድ ያደከመው ነው። እትዬ ጥሩወርቅ እየላጡ በእጄ ላይ ያስቀምጣሉ። ብዙ ጊዜ እምቢ ብዬ ብዙ ጊዜ በላሁ። ከአርባው ወዲህ እንደዚያ የበላሁበት ቀን አልነበረም። አያ ሞላ ከእኛ ቀድመው ጨርሰው ወደ ትልቁ ቤት ገቡ፤ ምን እንደሚያደርጉ አላየንም።

ስንመለስ ሣጥኗ ጠረጴዛ ላይ፣ መሶብ በሚቀመጥበት ሁኔታ መሀል ላይ ተቀምጣለች። ፋንታነሽ ገመዱን አገናኘች፣ ላፕቶፑን ከፈተች። ሁላችንም ቆምን። አያ ሞላ ኮፍያቸውን አወለቁ።

የሞተር ጩኸት መጣ። ከሥሩ የአያ ሞላ ዘፈን ይሰማል። ከዚያ እሱ።

«አስናቀች፣ ገሳይ ደርሻለሁ። ስልኩ እምቢ አለ፣ እስቲ በሣጥኗ ልሞክር ብዬ ነው። እዚህ ጉም ነው። አያ ሞላ እየዘፈኑ ነው፣ ስሚያቸው…» ሳቀ። «ትንሽ ደክሞኛል። ስሚ፣ ያን ብርድ ልብስ…»

በውጭ በኩል ሦስት ጊዜ ተከታታይ ክላክስ ጮኸ፤ አንድ ሚኒባስ አስፋልቱን ቀዶት አለፈ። ድምፁ ቆመ። ፋንታነሽ ደጋግማ ነካካችው። ምንም የለም። ከዚያ ዓይኗ ሣጥኗ ጀርባ ላይ አረፈ። አንቴናዋ ተገጥሟል። ጥብቅ ተደርጎ ተገጥሞ፣ እንዳይላላ በክር ታስሯል።

«ማነው? ማነው የገጠመው?»

አያ ሞላ ከእሷ ፊት ወደ እኔ ፊት ተመለከቱ። «እኔ ነኝ። ዕቃው ጎደሎ ሆኖ አየሁት። ጎደሎ አደራ እንዴት ይሰጣል? ሟች ሲያስረክበኝ ሙሉ ነበር።»

ኮፍያቸውን እንደያዙ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ በቀስታ፣ «ያ ክላክስ የጌታቸው ነው፣ የነፋስ መውጫው» አሉ።

ፋንታነሽ ቀና አለች። «ጌታቸው ሣጥን አለው። ከወሰደው እሱ ጋ ነው ያለው።»

ያን ዕለት ሌላ መኪና አልተገኘም፤ አያ ሞላም በዚያ ጉም ሲመሽ አይነዱም። እትዬ ጥሩወርቅ ብቻቸውን ስለ ድንች በሽታ እያወሩልን መሸ። ለብርዱ ሁለት የበግ ቆዳ ደበሎ አለበሱኝ። ድምፁ እስከ ብርድ ልብሱ ድረስ ይመጣና ይቆማል፤ እንደገና ከሞተሩ ጩኸት እጀምረዋለሁ። አታጥቢው ሊል ይሆናል። እጠቢው፣ ብርድ ነው ሊል ይሆናል። ይቅርታ ሊል ይሆናል። እሱ ግን ይቅርታ የሚል ሰው አልነበረም፤ አጥበዋለሁ የሚል ሰው ነበር።

ሐሙስ

አያ ሞላ በራሳቸው መኪና እንሂድ አሉ። ሦስታችን ፊት ተቀመጥን፤ እኔ መስኮቱን፣ ፋንታነሽ መሀል። ደሳለኝ የተኛበት ወንበር ይኸው መሆኑን ነገሩኝ። መዳፌን ቆዳው ላይ አድርጌ ሄድኩ። አልዘፈኑም።

ከክምር ድንጋይ በኋላ ጉሙ ተገፈፈና አገሩ በግራና በቀኝ ወደ ታች ወረደ። እኛ ሜዳ ላይ ስለምንኖር ሰማይን የምናየው ቀና ብለን ነው፤ እዚያ ሰማዩ ከእግር በታችም ነበር። አያ ሞላ ከሚያገኙት መኪና ሁሉ ጋር እየቆሙ ስለ ጌታቸው ጠየቁ። አንዱ አልፏል አለ፣ አንዱ መናኸሪያ ነው አለ። ፋንታነሽ ትዕግሥት አጥታ ጣቷን ትቆጥራለች።

«አያ ሞላ፣ እንዲህ በየመኪናው ከቆምን አንደርስም።»

«ልጄ፣ ያልቆምኩለት ሰው የት እንዳለ አይነግረኝም።»

ነፋስ መውጫ ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ገፎ ሊወስደው ነበር፤ አንዲት ጎመን ሻጭ ይዛ መለሰችልኝና በመርፌ ቁልፍ ደረቴ ላይ አሰረችው። ጌታቸውን ሻይ ሲጠጣ አገኘነው። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው።

«አያ ሞላ! ነፋስ መውጫ በዚህ ዓመት ይደርሳሉ ብዬ አላሰብኩም። ያን በሬ መኪናዎን ፈትተው በእግር መጡ እንዴ?»

ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አያጡለትም። ያን ቀን፣ «ጌታቸው፣ የሟች ድምፅ ይዘህብናል» ብቻ አሉት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ሮጦ ሚኒባሱን ከፈተ።

ፋንታነሽ ወንበሩ ላይ ተንበርክካ ላፕቶፑን አገናኘች። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ። ነፋሱ ስለሚያስለቅስ ማንም አላወቀብኝም። ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ቀና ሳትል ተናገረች።

«የለም። መቀበል ጀምራ ነበር፤ ጥቂት ከመጣላት በኋላ ራቀች። ያልተሟላ ስለሆነ ጣለችው። የአያ ሞላዋ ደግሞ መስጠት ስትጀምር ሰጠሁ ብላ ሰርዛዋለች።»

«ከዚህችም የለም፣ ከዚያችም የለም?» አልኩ።

«ከሁለቱም የለም፣ እትዬ።»

ጌታቸው በእጁ ራሱን ይዞ፣ «ዝግ ብዬ ባልፍ ኖሮ…» አለ። ሻያችንን እሱ ጋበዘ፤ እምቢ ብንል የሚያለቅስ ስለመሰለን ጠጣን።

ስንመለስ አያ ሞላ ገደሉ አፋፍ ላይ መኪናቸውን አቁመው ሞተሩን አጠፉ።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። የሟች አደራ በእጄ ጠፋ። አርባ ዓመት መኪና ነዳሁ፤ ዱቄት፣ ደብዳቤ፣ የሰው ልጅ ሳይቀር አድርሻለሁ። አንድም አልጠፋብኝም። ይኼ ጠፋ።»

«አያ ሞላ» አልኳቸው፣ «ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ለጠየቀው ሁሉ ይሰጥ ነበር፤ እኔም አንዲት ቃል አልሰማም ነበር። እኔ ደርሻለሁ ሲል ሰማሁት። ሲስቅ ሰማሁት። የአንቱንም ዘፈን ሰማሁ። ምን ይቅር ልበል?»

አያ ሞላ ወደ ፋንታነሽ ዞሩ።

«እስቲ ለእኔም ንገሪኝ። የዚች ዕቃ ጥፋቷ ምንድን ነው?»

ነገረቻቸው። ፈጣኑን እንደምትመርጥ፣ መስጠት ስትጀምር እንደምትሰርዝ። መሪውን ይዘው አዳመጧት።

«ለሚሮጠው ትሰጣለች?»

«ቶሎ እንዲደርስ ብለን ነው።»

«የሚሮጠው እኮ ማንንም አያገኝም። በአጠገብሽ ሲያልፍ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይጨርስም። ለእኔ ቢሰጠኝ ቆሜ እቀበላለሁ፣ ቆሜ አስረክባለሁ። ደግሞ ሰጪዋ ተቀባዩ ደረሰኝ ሳይል እንዴት ትለቃለች? እኔ ሰጠሁ የምለው የተቀበለው ሰው ደረሰኝ ብሎ ቃል ሲልክልኝ ነው። እስከዚያ አደራው እኔው ላይ ነው።»

እኔ የአለም በሯን እናኑን አስታወስኩ፤ መንገድ ላይ ወጥታ ስትጮህ። የክሪኩን ነገር ነገርኳቸው። አያ ሞላ፣ «አዎ፣ እንዴት ይሆናል ታዲያ?» አሉ፤ ሌላ አሠራር መኖሩ ገና እየገረማቸው።

ፋንታነሽ የደሳለኝን ደብተር ከቦርሳዋ አወጣች። «የት ገባ?» ከሚለው አንዱ አጠገብ መጻፍ ጀመረች። «እኛ ፍጥነት ስንለካ ነበር» አለች። «መለካት የነበረብን ሁለት መኪኖች አጠገብ ለአጠገብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ነው። ስረዛውም መልሱ ሲመጣ ብቻ።» እርሳሷን አቁማ ተመለከተችኝ። «መምህር ይህን እንዴት አላዩትም? አንድ ሺህ ጊዜ ከአያ ሞላ ጋር ተሳፍረዋል።»

«ያዝሽው መስሎኝ የሚል ሰው ነበር» አልኳት። ከዚያ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ሁለቱም አልጠየቁኝም። አያ ሞላ ሞተሩን አስነሱ። ገሳይ ልንደርስ ስንል በጣም በቀስታ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ መዝፈን ጀመሩ። የሰማሁት ዘፈን ነበር።

ዓርብ

ዓርብ የእሱ ቀን ነው። በየሳምንቱ ወደ ቤት የሚወርድበት። እኔም የወረድኩት ዓርብ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ አንድ እንቅብ ድንች ሞልተው አሸከሙኝ። «ድንቹን ብዪው፤ እንቅቡን በሰው ላኪልኝ» አሉ። እንቅብ ባዶውን እንደማይመለስ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። አያ ሞላ አስፋልቱ ዳር ቆመው ሦስት መኪና አሳለፉብኝ፤ ሾፌሩን ካላመኑት እጃቸውን አያነሱም።

ደብረ ታቦር ላይ ፋንታነሽ ካልሲውን አልቀበልም አለችኝ። ከአለም በር በታች ሙቀቱ ቀስ እያለ መጣ፤ አንድ በአንድ የለበስኩትን አወለቅሁ። ከወረታ በኋላ የታራ ገዳም ጫካ ከሩቅ ጠቆረና ወደ ቤቴ መድረሴን አወቅሁ። ልክ እሱ ይገባበት በነበረው ሰዓት በሬን ከፈትኩ። እንኳን ደህና መጣሽ የሚል የለም። ድንቹን አስቀምጬ ጓዳ ገባሁ፤ ብርድ ልብሱ እንደተውኩት ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንቅቡን የፎገራ ሩዝ ሞልቼ ላክሁ። ፋንታነሽ በዚያ መሀል የሣጥኖቹን ደንብ ቀይራ ነበር፤ አሁን ለሚሮጠው ሳይሆን ለሚቆመው ይሰጣሉ፣ ከተቀባዩ መልስ እስኪመጣ ድረስም የሰጡትን አይሰርዙም። ሁሉም ይደርሳል ማለት አይደለም አለችኝ፤ መልእክት ሲጠፋ ግን የት እንደጠፋ ይታወቃል። ስልኬ ላይ ከገሳይ የመጣ መልእክት አገኘሁ፦ «እንቅቡ ደርሷል። ሩዙ ሸጋ ነው። ደረሰኝ በይን። ሞላ።» ደረሰኝ ብዬ ጻፍኩ። ወደ ላይ፣ ከመኪና መኪና፣ ጉሙ ውስጥ ሲሄድ ታየኝ።

ብርድ ልብሱን አጠብኩት። አሁን ለብቻዬ ነው የማጥፈው። በሩ ላይ ሁለት ሚስማር መትቻለሁ፤ ሁለቱን ጫፍ እዚያ አንጠለጥልና ሌላውን ይዤ ወደ በሩ እራመዳለሁ።